ፓምፑ ሲቆም ምን እናደርጋለን? አፈር አልባ የአትክልት ማብቀያ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳችን ላይ ለከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በጓሮ አትክልት ለተደራጁ እናቶች የሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም አፈር አልባ የአትክልት ማብቀያ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በአረብ ኤምሬትስ እንዲህ ዓይነት ግሪንሃውስ ውስጥ ስለምሠራ፣ ዘዴዎቹን አነጻጽሬ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሆኖም በቪዲዮ አይተን የወደድነው ዕቃ ሁሉ ለአገር ቤት ይስማማል ማለት አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል።

ከመሠረቱ ልጀምር። ተክል አፈሩን አይበላም። ከአፈር የሚያገኘው ውሃ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን፣ ለሥሩ የሚሆን አየርና መቆሚያ ነው። እነዚህን በሌላ መንገድ ካገኘ ያለ አፈር ያድጋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ገሪክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቲማቲም በገንዳ ውሃ ላይ አሳድጎ ብዙ ሰው አስደንቋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘዴዎች በዋናነት የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፦ ውሃውንና አየሩን ለሥሩ በምን መንገድ ያደርሱለታል?

አንደኛው የክር ዘዴ ነው። ከታች ካለው ዕቃ ውሃውን የጥጥ ክር ወይም ጨርቅ እየሳበ ለተክሉ ያደርሳል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ማለት ነው። መብራት አይፈልግም። ለበሶብላና ለትንንሽ ቅጠላ ቅጠሎች ይበቃል፤ ውሃ በብዛት ለሚጠጣ እንደ ቲማቲም ላለ ተክል ግን ክሩ አያደርስም።

ሁለተኛው፣ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በነበሩት በበርናርድ ክራትኪ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው። ክዳን ያለው ሳፋ ወይም ባልዲ በማዳበሪያ ውሃ ይሞላል፤ ችግኙ በክዳኑ ቀዳዳ ይገባል። ተክሉ ውሃውን እየጠጣ ሲሄድ ከላይ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ የላይኞቹ ሥሮች ከዚያ አየር ያገኛሉ። ፓምፕም መብራትም የለውም። ለአንድ ራስ ሰላጣ 4 ሊትር ገደማ ውሃ እስከ መከር ያደርሰዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ውሃው ሲቀንስ ደንግጦ እንደገና እስከ አፉ መሙላት አያስፈልግም፤ አየር የለመዱት ሥሮች ይታፈናሉ።

ሦስተኛው ተንሳፋፊ ዘዴ ነው። ችግኞቹ በገንዳ ላይ በሚንሳፈፍ ፎም ላይ ይቀመጣሉ፤ የአየር ፓምፕ ውሃው ውስጥ አየር ይነፋል። ብዙ ሰላጣ በአንድ ጊዜ ለማምረት ጥሩ ነው። ውሃው ብዙ ስለሆነ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ቢቆም ተክሉ ወዲያው አይጎዳም። ነገር ግን ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሥሩም ይበሰብሳል።

አራተኛው ኤንኤፍቲ የሚባለው ነው። በአጀንዳው ላይ በፎቶ ያያችሁት፣ ነጫጭ ቱቦዎች ተደርድረው አረንጓዴ ሰላጣ የሞላባቸው፣ እሱ ነው። ቱቦው ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ከ100 ሜትር 1 ወይም 2 ሜትር ዝቅ እንደማለት። በውስጡም ስስ ውሃ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ያምራል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ ፈጣን ነው። ነገር ግን ሥሩ የሚያድርበት የውሃ ክምችት የለውም። በሞቃት ቀን መብራት ጥቂት ሰዓት ከጠፋ ሰላጣው ይጠወልጋል። እኔ በምሠራበት ቦታ ተጠባባቂ ጄኔሬተር አለ፣ ትርፍ ፓምፕ አለ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት የሚያድር ሠራተኛም አለ። ፎቶው ላይ እነዚህ አይታዩም።

አምስተኛው በጠብታ የሚጠጣ የባልዲ ዘዴ ነው። ተክሉ እንደ ኮኮናት ገለባ ወይም ጠጠር ባለ ነገር ላይ ይተከላል፤ የማዳበሪያው ውሃ በቀን ጥቂት ጊዜ ይንጠባጠብለታል። ለቲማቲምና ለቃሪያ የሚመረጠው ይህ ነው። ለግንባታ የምንጠቀምበት ሬድ አሽ ተነፍቶና በደንብ ታጥቦ ለዚህ ይሆናል። በርሜል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ከተቻለ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ጠጠሩ እርጥበት ስለሚይዝ የአንድ ሰዓት መዘግየት ምርት አያጠፋም።

ስድስተኛው ሥሩን በአየር ላይ አንጠልጥሎ በጭጋግ የሚረጭ ነው። ኬንያን በመሳሰሉ አገሮች ንጹሕ የድንች ዘር ለማባዛት ተጠቅመውበታል። ለባለሙያ ጣቢያ እንጂ ለጀማሪ አይመከርም፤ ጭጋጉ ሲቆም ለሥሩ ምንም መጠባበቂያ የለውም።

አሁን ከዘዴው በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ማዳበሪያው ነው። ገበሬዎቻችን የሚያውቁት ዩሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዩሪያ አፈር ላይ ሲጣል በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ተክሉ ወደሚፈልገው ዓይነት ይለውጡታል። በባልዲ ውሃ ውስጥ እነሱ በበቂ አይገኙምና ተክሉ ይጎዳል። የሚያስፈልገው ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ፣ ካልሲየም ናይትሬትንና ብረትን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ማዳበሪያ ነው። ይህ ከውጭ የሚገባ ነው። ቱቦውን ገዝተን ማዳበሪያውን ካላሰብን፣ በሁለተኛው ዙር ባዶ ቱቦ ነው የሚቀረን። የውሃው የአሲድነት መጠን፣ ማለትም ፒኤች፣ ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት፤ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ መለኪያም ያስፈልጋል፣ የሚለካ ሰውም ያስፈልጋል።

እዚህ በረሃ ላይ ሃይድሮፖኒክስ የተስፋፋው አፈሩ አሸዋ፣ ውሃው ውድ፣ አትክልቱም አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ነው። ከተማችን አፈርም ዝናብም አላት። ይህ ሥራ ጤፍም ስንዴም አያበቅልልንም። ጥቅሙ መሬት ለሌላቸው እናቶች፣ ለበጋ ወራት ቅጠላ ቅጠልና ለተማሪዎቻችን የሳይንስ ትምህርት ነው። ይህም ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቱቦ አንግዛ። የከተማችንን ውሃ አስቀድመን እናስመርምር። ከዚያም 20 ክዳን ያላቸው ሳፋዎች ለሰላጣና ለቆስጣ፣ 20 የሬድ አሽ ባልዲዎች ለቲማቲም እንጀምር። ሳፋዎቹ ብርሃን የማያስገቡና በደንብ የሚከደኑ ይሁኑ፤ ብርሃን ከገባ አልጌ ያበቅላሉ፣ ክፍት ከቀሩ ደግሞ የወባ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል። የዓመት ማዳበሪያና ሁለት መለኪያ ከዕቃው ጋር አብሮ ይግባ። ለአንድ የባዮሎጂ መምህርና ከእናቶቹ ለሁለቱ ሥልጠና እንክፈል። ከሳፋዎቹ ጎን በኮምፖስት የለማ አንድ መደብ በአፈር ይተከል። ተማሪዎቹ የሁለቱን ውሃ፣ ወጪና ምርት እየመዘገቡ ይላኩልን። በአፈር የተተከለው ከበለጠ በደስታ እንቀበለዋለን። ሃይድሮፖኒክሱ ካዋጣ ደግሞ በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ፓምፕና ስለ ሶላር እንነጋገራለን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የምንልከው ገንዘብ በሌሊት ፈረቃና በትርፍ ሰዓት የተገኘ ነው። ከውጭ ተልኮ መለዋወጫ በማጣት አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ሁላችንም አይተናል። እናቶቹ ፓምፕ ሠሪ ሳይጠሩ፣ መብራት ሳይጠብቁ በራሳቸው እጅ የሚያስኬዱትን እንስጣቸው። ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።