የሯጭ ልጅ ባት ሲታመም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ለቀብር የተቋቋመ መሆኑን አንዘነጋም። ዛሬ ግን ስለ አንድ ወጣት እግር ጥቂት እንድንናገር ሰብሳቢያችን ስለ ፈቀዱልን እናመሰግናለን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ዘመናችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ የኖርን ነን። የምንናገረው ሐኪሙ ያስረዱንንና ከዚያ ወዲያ አንብበን የተረዳነውን ነው።

ልጁ የእኅታችን ልጅ ነው፤ 19 ዓመቱ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ በየማለዳው ይሮጣል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሩጫ በጀመረ በአሥር ደቂቃው ባቱን ጭብጥ ያደርገውና ይቆማል። ጥቂት ካረፈ ይተወዋል፤ እንደ ገና ሲሮጥ ይመለስበታል። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ባቱ ይዝላልና ማን ልብ ይለዋል? እኛም፣ «እዚህ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ፤ አንተ በጫማ አቃተህ!» ብለን ዘለፍነው። ያው አበበ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት እንዳቋረጠ፣ ድሉንም ማሞ ወልዴ እንዳመጣው እያወቅን ያንን አላነሣንም። ወጌሻም አሸው፣ ቅቤም ተቀባ፤ ፋይዳ አልሰጠም። በኋላ እናቱ ከሩጫ ሲመለስ ብትዳስሰው አንደኛው እግሩ ሞቆ ሌላው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ያወቀችው እሷ ናት እንጂ እኛ አይደለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልብ ወደ እግር የሚወርደው ዋናው የደም ሥር የሚያልፈው በቋንጃ በኩል ነው። የባት ጡንቻ ከላይ ሁለት ራስ አለው፤ የሥሩ መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። አንዳንዱ ሰው ግን ሲፈጠር ጀምሮ ሥሩ መንገዱን ስቶ በጡንቻው ዳር ዞሮ ይሄዳል፣ ወይም ጡንቻው ያለ ቦታው ተተክሎ ይገኛል። አፈጣጠሩ ደኅና ሆኖ ሳለ በልምምድ የደነደነ ባት ሥሩን የሚጫንበት ስፖርተኛም አለ። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር የውሃ ጎማ እንደ መርገጥ ነው፤ ደም አይወርድም። ሲያርፍ ይለቀቃል። ቁጭ ሲል ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ እኛንም ያሳሳተን ይኸው ነው።

ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደሙን ትርታ ይዘው እግሩን ወደ ታች አጥብቆ እንዲቀስር አዘዙት። ትርታው ጠፋ። ይህ በጤነኛም ሰው ስለሚታይ ብቻውን አይበቃም፤ እግሩን እያስቀሰሩ በአልትራሳውንድ ማየት፣ ኤም አር አይም መነሣት አለበት ብለው ወደ አዲስ አበባ ጻፉለት።

የባት ሕመም ሁሉ ይህ ነው አላልንም፤ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። ኤድንበራ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ በ1879 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያየው ከ64 ዓመት ሽማግሌ በተቆረጠ እግር ላይ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በቀዶ ሕክምና መረዳቱ ተጽፏል። በጊዜ ከተደረሰበት ጡንቻውን ቆርጦ ሥሩን ማላቀቅ ሊበቃ ይችላል። ከዘገየ ግን ሥሩ ይጎዳል፣ ደም ይረጋበታል፤ ከሌላ ቦታ ሥር አምጥቶ መቀጠል ይመጣል። ጨርሶ ከተዘጋ እግሩ ራሱ ያሠጋል።

እንግዲህ የተነሣንበት ይህ ነው። ደንባችን ገንዘብ የሚፈቅደው ለሐዘን ብቻ ነው። እኛም ስጦታ አንጠይቅም። ለመሳፈሪያና ለምርመራ በስድስት ወር የሚመለስ ብድር ይፈቀድልን፤ ጡረታችንን አስይዘን እንፈርማለን። ሰብሳቢያችን ጉዳዩን ለድምፅ ያቅርቡልን።