የፈረንሳይ ካርታ ሠሪዎችና ባዶው ስፍራ

(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



የጥንት ካርታ ዛሬ የሚሸጠው እንደ ሥዕል ነው። ገዢው አንበሳውን፥ መርከቡንና በአርእስቱ ዙሪያ የተሳለውን ጌጥ አይቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ጌጡን አልነቅፍም፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱን ፊደል በግልባጭ ቀርጾ ማተም፥ ከዚያም በእጅ ቀለም መቀባት ቀላል ጥበብ አይደለም። ነገር ግን የፈረንሳይ ካርታ ሥራ የከበረው በጌጡ ብቻ አይመስለኝም።

በንጉሥ ሉዊ 14ኛው ዘመን የፓሪስ ሊቃውንት በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩት ጨረቃዎች የሚጨልሙበትን ሰዓት በሁለት ቦታ እየመዘገቡ፥ በሰዓቱ ልዩነት አንዱ ቦታ ከሌላው ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደሚርቅ አሰሉ። በዚህ ታርሞ በ1693 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው ካርታ የፈረንሳይን ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ ውስጥ ገፋው። ንጉሡም ጠላት ከወሰደበት አገር ይልቅ ሊቃውንቱ የወሰዱበት እንደሚበልጥ በቀልድ ተናገረ ይባላል። ካርታው ግን ታተመ!

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዳንቪል ነው (1697–1782)። ከፓሪስ ብዙም ሳይርቅ፥ የመንገደኞችን ጽሑፍ እርስ በርሱ እያመሳከረ ይሠራ ነበር። ወንድሙ ግራቭሎ ስመ ጥር ሥዕል ሠሪ ስለ ነበረ ጌጥ አልቸገረውም። ሆኖም በ1749 ባሳተመው የአፍሪካ ካርታ፥ ከእርሱ በፊት የነበሩት በተራራ፥ በሐይቅና በመንግሥታት ስም የሞሉትን የመካከሉን ምድር፥ ምስክር ያጣበትን ሁሉ ፍቆ ነጭ አድርጎ ተወው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይህን የመሰለውን ነጭ ስፍራ «ባለቤት የሌለው አገር» ብለው ያነበቡ ተነሡ። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ወንዙንና መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው ፓሪስ ነው።

የእኛስ አገር? የአንትወርፑ ኦርቴልዩስ በ1573 ባሳተመው ካርታ ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ዘርግቷት ነበር። በ1652 ግን አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአምሓራ ሊቅ ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው የሉዶልፍን ጥያቄ ተቀምጠው መለሱ። ሉዶልፍ ከእሳቸው የሰማውን ይዞ፥ እዚህ የኖሩትን የኢየሱሳውያን ካህናት ጽሑፍም ጨምሮ፥ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ። በዳንቪል ካርታም የእኛ ክፍል በስም የተሞላ ነው፤ ነጩ የሚጀምረው ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ነው።