ለቴፕ ድራይቮች ቋሚ ስም ስለ መስጠት



በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ ሁለት ባለአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የምርምር ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1፣ የምትልካቸውን ምስሎች እንዲቀበል የታሰበው ጣቢያም የተሠራው በዚያው ነው። የአንድ ክረምት አዝመራ ምስል ወቅቱ ካለፈ በኋላ ዳግመኛ አይነሣም። እንዲህ ያለ መረጃ በቴፕ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ይኑረው ቢባል፣ ሰው እሳትንና መብረቅን ሲጠባበቅ ጥፋቱ ከስም ሊመጣ ይችላል።

ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በሰርቨሩ ላይ የተገጠሙትን የቴፕ ድራይቮች ባገኛቸው ቅደም ተከተል ኤስቲ 0፣ ኤስቲ 1 እያለ ይሰይማቸዋል። ይህ ተራ እንጂ መታወቂያ አይደለም፤ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለተኛ የቆመ ሰው፣ ሁለተኛ መባሉ ማንነቱን አይናገርም። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ አንዱ ድራይቭ ዘግይቶ ቢመልስ ወይም ኬብል ቢቀያየር፣ ትናንት ኤስቲ 0 የነበረው ዛሬ ኤስቲ 1 ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሚከፋው በቴፕ ላይብረሪ ነው። ሮቦቱ ካሴቱን የሚያስገባው በራሱ የቦታ ቁጥር ወደሚያውቀው ድራይቭ ሲሆን፣ የባክአፕ ፕሮግራሙ ግን በስም የሚጠራውን ከፍቶ ይጠብቃል። ሁለቱ ሳይገናኙ ቀርተው ሥራው ቢቆም ደግ ነው። በተሳሳተው ድራይቭ ውስጥ የቆየ ካሴት ቢገኝና ፕሮግራሙ መለያውን ሳያነብ ቢጽፍበት ግን የአምናው ቅጂ ጠፋ ማለት ነው፤ በቴፕ መነሻ ላይ ጥቂት መጻፍ ብቻ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በተለመደው መንገድ እንዳይነበብ ያደርጋልና።

እያንዳንዱ ድራይቭ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ ቁጥር አለው። ዩዴቭ የሚባለው የሊኑክስ ክፍል በዚህ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስም ባይ-አይዲ በተሰኘ ማኅደር ውስጥ ያኖራል፤ ፕሮግራሙም መያዝ ያለበት ይህንኑ ነው። በመጨረሻው ኤንኤስቲ የሚል ያለበትን መምረጥ ይገባል። ያለዚያ መሣሪያው በተዘጋ ቁጥር ቴፑ ወደ መነሻው ይጠቀለላል፣ ተከታዩም ጽሑፍ በፊተኛው ላይ ያርፋል።

ድራይቭ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ ግን ቁጥሩም አብሮ ሊለወጥ ስለሚችል፣ አዲሱ በዚያው ዕለት ተመዝግቦ ከሮቦቱ የቦታ ቁጥር ጋር መመሳከር አለበት። ማመሳከሪያው ቀላል ነው፦ ሌሎቹን ድራይቮች ባዶ አድርጎ አንድ ያልተጻፈበት ካሴት በአንደኛው ማስገባት፣ ከዚያም ካሴት አለኝ የሚለው የትኛው ስም እንደ ሆነ መጠየቅ።