ሰማያዊው ሰንደቅ ከከተማው ጓዳ ይጀምራል



የዛሬው ንግግራችን በብዙ አገሮች የባሕር ዳርቻና የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ ላይ ስለሚሰቀለው ሰማያዊ ሰንደቅ ነው። ይህ ሰንደቅ የአገር ዓርማ ሳይሆን፣ ሥፍራው በውኃው ንጽሕና፣ በአካባቢው አያያዝና በሰው ደኅንነት ረገድ ተመርምሮ ማለፉን የሚመሰክር ምልክት ነው።

ሥራው የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ነው። በዚያን ጊዜ የጠረፍ ከተሞች የተመዘኑት በሁለት ነገር ነበር፤ ይኸውም ፍሳሻቸውን እንዴት እንደሚያጣሩና የመዋኛ ውኃቸው ምን ያህል ንጹሕ እንደ ሆነ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፍቶ፣ በ10 አገሮች 244 ዳርቻዎችና 208 የጀልባ ወደቦች ሰንደቁን ተቀበሉ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያዋ አባል ሆነች። ዛሬ መቀመጫውን በኮፐንሀገን ያደረገው የአካባቢ ትምህርት ማኅበር ሰንደቁን ከ5,000 ለሚበልጡ ሥፍራዎች ይሰጣል።

ሰንደቁን ለማግኘት አሸዋውን መጥረግና ጥላ መትከል የሚበቃ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በርግጥ መጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫና ዋናተኞችን የሚጠብቁ ሰዎች መኖር አለባቸው። ሆኖም ደንቡ ከመጥረግ አልፎ ያስባል፤ ማዕበል የሚያመጣው የባሕር ሣር ሰውን እስካላስቸገረ ድረስ የተፈጥሮ ክፍል ስለ ሆነ ካለበት አይነሣ ይላል።

ዋናው ፈተና ግን በዓይን አይታይም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ውኃ፣ ጥርት ብሎ የሚያብረቀርቅ ባሕር ከሰው ዓይነ ምድር የመጡ ተሕዋስያንን ሸሽጎ ሊይዝ ይችላል። ሕፃናት ሲዋኙ ውኃውን ይውጡታል፤ የሆድ ሕመምና ተቅማጥም ሊከተላቸው ይችላል። ስለዚህ በዋና ወራት ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ከ31 ቀን ሳይበልጥ፣ ውኃው ተቀድቶ ይመረመራል። ለባሕር ውኃ ኢ ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ የተወሰነው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር 250 ነው። ውጤቱም ዋናተኛው ሁሉ እንዲያነበው በዳርቻው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ውጤቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ የከተማው ሹም ምን ያድርግ? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለዋል። የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቧንቧ፣ በስሕተት ከዝናብ ውኃ መውረጃ ጋር የተገናኘ የመጸዳጃ ቤት መስመር፣ ወይም ከባድ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ የሚፈስ ቦይ ይኖር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚጠገነው ከመሬት በታች ነው፤ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ሥራው ሲያልቅም የሚመረቅ ሕንፃ፣ የሚታይ ሐውልት የለውም። ሰንደቁ ከባሕሩ ዳር ቢሰቀልም፣ የሚገኘው ግን ከከተማው ጓዳ ነው።

የጀልባ ወደብም እንዲሁ ነው። ባለጀልባው የመጸዳጃውን ፍሳሽ ባሕር ላይ እንዳይደፋው የሚቀበልለት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለአሮጌ ዘይት፣ ለቀለምና ለባትሪም ለየብቻው ማስቀመጫ መዘጋጀት አለበት። ቦታው ሳይዘጋጅለት «አትድፋ» ብሎ መከልከል ብቻውን ባሕሩን አያድነውም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ይህ ክብር የሚሰጠው ለአንድ የዋና ወራት ብቻ መሆኑ ነው። በየዓመቱ እንደ ገና ይጠየቃል፤ መርማሪዎች ሳይታሰቡ ይመጣሉ፤ ጉድለት ከተገኘ ሰንደቁ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ የሆቴሉ ባለቤትና ምግብ ሻጩ እንግዳ ይቀርብናል ብለው ይሠጋሉ፤ ሹሙም ውጤቱን ለመሸፈን ይፈተን ይሆናል። ነገር ግን በተበከለ ውኃ ላይ የሚውለበለብ ሰንደቅ የልጁን እጅ ይዞ የመጣውን አባት ያታልላል። ጉድለቱን ገልጦ ሰንደቁን ያወረደ፣ ቧንቧውንም ጠግኖ መልሶ የሰቀለ ከተማ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉ ይታመናል።

ሥርዓቱ ከባሕር ሌላ ለሐይቅ ዳርቻም ይሠራል። ስለዚህ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በቢሾፍቱ የምትኖሩ አድማጮቻችን ሐይቃችሁ አጠገብ ቆማችሁ፣ ውኃው ያምራል ወይ ከማለት በፊት፣ የቤታችን ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ ሰንደቅ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።