ስለ ማታ ጊዜ፤ ስልክና ቴሌቪዥን በቤተ ሰብ መካከል



ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያው ከባድ ሣጥን ነበረና የሚቀመጥበት ስፍራ አንድ ነበረ፤ ሥርጭቱም በማታ ለጥቂት ሰዓት ታይቶ ያበቃ ነበር። ባለቤቱ ቢወድም ባይወድም ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱ ይጨልማል፤ ቤተ ሰቡም ወደ መኝታው ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱ ጌታ ስለ መመልከቻ ሰዓት ደንብ ማውጣት አላስፈለገውም፤ ደንቡን ጣቢያው ራሱ ያወጣለት ነበርና።

ዛሬ በመተማም በገንዳ ውሃም በቋራም ዲሽ አለ፤ ከዲሽ ይልቅ ግን ስልክ በዝቷል። ስልክ ማብቂያ የለውም። አንዱ ምስል ሲያልቅ ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ በሚሞሪ ተጭኖ የመጣ ፊልም አይቋረጥም። እንግዲህ ጣቢያው ያኖረው የነበረውን ማብቂያ አሁን ሊያኖሩት የሚገባቸው አባትና እናት ናቸው፤ የዚህም ንግግር ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል።

የቆላ ማታ እንደ ደጋ ማታ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ ሰው በቤት ውስጥ መተኛት ስለማይችል አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣል። ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ያም ጊዜ የጨዋታ ጊዜ ነበረ። እናት ተረት ታወራለች፤ ልጆች እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፤ ሽማግሌው የአገሩን ነገር ይናገራል። ከተማይቱ ስለ ምን መተማ ዮሐንስ እንደ ተባለች፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በዚህ ምድር እንዴት እንደ ወደቁ፣ ልጅ የሚሰማው በዚያ አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር። አሁን በዚያው ግቢ አምስት አልጋ ቢዘረጋ አምስት ብርሃን ይታያል፤ አምስቱም ሰዎች ፊታቸውን ወደየራሳቸው አዙረዋል። ሽማግሌው ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ የሚሰማው አጥቶ ነው እንጂ። ሽማግሌው ደግሞ ለዘላለም አይቆይም።

ጉዳቱ በጨዋታ ብቻ የሚቀር አይደለም። በማታ ዓይን ላይ የሚያበራ ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል፤ በሙቀት ምክንያት ዘግይቶ የሚተኛ የቆላ ልጅ ደግሞ ከቀረችው እንቅልፍ ላይ የሚቀነስ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመስኮት ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል። ሕፃን ተቀምጦ በሚውልበት ጊዜ ምን ይደረግለት ለሚለውም መልሱ፣ የሚያሳድገው ሰው ያንብብለት፣ ተረትም ያውራለት የሚል ነው። የመተማ አያቶች ይህን ያለ መመሪያ ሲያደርጉት ኖረዋል።

በዚህ ነገር ሰው እናትን ለመውቀስ ይቸኩላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። አንዲት ሴት ባልዋ በሰሊጥ እርሻ ሰንብቶ፣ እርስዋ እሳት እያነደደች፣ ሕፃኑም ወደ ምድጃው እየዳኸ ሲያስቸግራት ስልኩን ብትሰጠው፣ ያደረገችው ሌላ እጅ ስለሌላት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ከመገሠጽ ይልቅ ጎረቤት ሕፃኑን ለግማሽ ሰዓት ቢያቅፍላት ይሻላል። ወቀሳ የሚገባው ከሥራ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እራቱ እስኪቀርብ ስልኩን ከፍቶ፣ እራቱም ከቀረበ በኋላ የማይዘጋው አባት ነው። እርሱ ልጁን ተው ቢለው ልጁ አይሰማውም። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የተባለው ለዘለፋ ነበረ፤ በስልክ ነገር ግን ዛሬ እውነት ሆኖ ልጅ ለወላጁ መክፈቱን ያስተምራል። መዝጋቱን ማስተማር ለወላጅ ቀርቷል።

ስልክ ፈጽሞ ይጥፋ ማለት በድንበር ከተማ የሚነገር ቃል አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገረው ስደተኛ ስለ ቀሩት ዘመዶቹ የሚሰማው በስልክ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜም ዝምታው ዕረፍት አልሆነም፤ በሩቅ ያለውን ልጅ ፊት ማየት ቀረ እንጂ። ገንዘብም በቴሌብር የሚላከው በዚሁ ስልክ ነው። ሕፃን በእርሻ ያለውን የአባቱን ድምፅ ቢሰማበት ያ ጊዜ እንደ ባከነ አይቆጠርም።

ስለዚህ የሚለየው መደወልና መመልከት ነው። ለዓይን ወሰን መስጠትም ለምእመናን እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ጾምን የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የጆሮም አድርጋ ታስተምራለችና። መሶቡ በቀረበ ጊዜ በቤቱ ያሉት ስልኮች ሁሉ፣ አስቀድሞ የአባት፣ ቀጥሎ የእናት፣ ከዚያም የልጆች፣ በአንድ ቅርጫት ይግቡ፤ እስኪነጋም ከአልጋ ርቀው ይደሩ። ቴሌቪዥኑም ከእራት በፊት ይዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጆች ያለቅሳሉ፤ ትልልቆቹም እጃቸውን የሚያኖሩበት ያጣሉ፤ ጨዋታውም እንደ ተረሳ ቋንቋ ይንገዳገዳል። ሽማግሌ ያለበት ቤት ጥያቄውን ለእርሱ ይጀምርለት፤ ሽማግሌ የሌለበትም ከጎረቤት ይጥራ።

የስልኮቹ ድምፅ ግን አይጥፋ። በሌሊት ከቅርጫቱ ውስጥ ቢጮኽ ከማዶ የሚጣራ ዘመድ ሊሆን ይችላልና፣ ታላቁ ልጅ ተነሥቶ ያንሣው፤ ተነጋግሮም ሲጨርስ ወደ ቅርጫቱ ይመልሰው።