ማውሱን የያዘው ማን ነው?

(በማህበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት መምህርት አባላችን የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት መምህራን በዲጂታሉ ዓለም ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩልነት ስላላቸው አመለካከት ነው። እኔም መምህርት ነኝና የምናገረው ከውስጥ ሆኜ ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚናገር መምህር እምብዛም አይገኝም። ብትጠይቁት «እኩል ናቸው» ይላችኋል፤ ከልቡም ነው። አመለካከቱ የሚታወቀው ግን በአሠራሩ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ በሚደርስበት ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ማውሱን የያዘው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ደብተር ይዛ ትጽፋለች። መምህሩም «ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው» ይላል። በመጨረሻ ሁለቱም ተምረዋል ይባላል፤ የእሷ እጅ ግን መሣሪያውን አልነካም።

«ከትምህርት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው» ይባላል። በዚያ ሰዓት እሷ ውሃ ልትቀዳ፣ ታናናሾቿን ልትጠብቅ ወደ ቤት ሄዳለች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይላክ ነበር፤ በብዙ ቤት ስልኩ ያለው ግን በአባት ወይም በወንድም እጅ ነው። ያልሠራችውን «ሰነፍ» ከማለት በፊት ስልኩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ልጅቷ «ፎቶዬን ይዞ ያስፈራራኛል» ብላ ስትመጣ «መጀመሪያስ ለምን ለጠፍሽ?» መባሏ ነው። በኮምፒውተር ሰውን ማስፈራራት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። እንዲህ ከተመለሰላት ግን ሁለተኛ ለማንም አትናገርም፤ አስፈራሪው ይቀጥላል፣ ስልኳን የምትዘጋው እሷ ትሆናለች።

«ኮምፒውተር የወንድ ሙያ ነው» ለሚሉን መልስ አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ።

እንግዲህ በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ህብረት ስብሰባ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ማውሱ በየ10 ደቂቃው በተራ ይዙር። ሁለተኛ፣ ልጃገረዶች በትምህርት ሰዓት ውስጥ የኮምፒውተር መለማመጃ ጊዜ ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ችግር የደረሰባትን ልጅ ሳትወቅስ የምትሰማ መምህርት ትመደብ። ሦስቱም አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቁም።

እኛም በየቤታችን ስልኩን ለሴት ልጃችንም ተራ እንስጣት። በቤታችን ያላደረግነውን ከመምህሩ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?