መንገዱ ሳይዘጋ እንስማማ
በአሶሳ ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለወጣት ጀመዓዎች የቀረበ ንግግር

 

የተከበራችሁ ዑለማዎች፣ የመስጂድ ኮሚቴ አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች፦

ይህ ህዝብ የተቸገረ ሰው ሲያይ እጁን እንደማይሰበስብ እናውቃለን፤ አልሃምዱሊላህ። የሚጎድለን ቅንጅት ነው። ተፈናቃይ በራችን ላይ በደረሰ ዕለት መስጂዱ፣ ቀይ መስቀል፣ የክልሉ አደጋ ስጋት መሥሪያ ቤት፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና ቤተ ክርስቲያኑ ገና የሚተዋወቁ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በስብሰባ ያልቃሉ። በእነዚያ ቀናት ነፍሰ ጡሯ ሜዳ ላይ ታድራለች።

የቅርቡን እናስታውስ። በመስከረም 2011 በካማሺ ዞን በተነሳው ግጭት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ንፁሃን ተገደሉ፤ የመተከል ተፈናቃይ ወደ ቻግኒ ጎረፈ። በጥር 2014 በማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ውጊያ ሲነሳ በቶንጎና በጉሬ ሸንቦላ ካምፖች ተጠልለው የነበሩ ከ20,000 በላይ ስደተኞች ዳግመኛ ተሰደዱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ኩርሙክ የስደተኛ በር ሆነች። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ!

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በወለጋ በኩል የሚመጣው መንገድ በእነዚህ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ሹፌሮቻችንን ጠይቁ። የእርዳታ መኪና እስኪደርስ ሰው የሚኖረው እዚሁ ባለ ነገር ነው።

እዚህ ምን አለ? መስጂድ አለ። የውዱእ ቧንቧ፣ መፀዳጃ ቤት፣ ምንጣፍና ድምፅ ማጉያ አለው። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ይታሰባል፣ ለአንድ ሰው ደግሞ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ። ስለዚህ አራት ቧንቧ ያለው መስጂድ፣ ውሃው ካልተቋረጠ፣ ቀላል ነገር አልያዘም። ቋንቋም አለን። በርታ ድንበሩን ተሻግሮ የሚኖር ህዝብ ነው፤ ከአዛውንቶቻችን ብዙዎቹ ዐረብኛ ይናገራሉ። ከደማዚን የመጣችን እናት ማን እንደጠፋባት በራሷ ቋንቋ መጠየቅ እንችላለን። የጠፋባትን ፈልጎ የማገናኘት ሥራ ግን የእኛ ሙያ አይደለም፤ ቀይ መስቀል የተደራጀበት ነው። እኛ በር ከፍተን እናነጋግራለን፣ እነሱ ያፈላልጋሉ። ትብብር የምንለው ይህን ነው።

ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር መፈራረሙ የሚከብደው ወንድም ካለ ሒልፉል ፉዱልን ያስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ለተበደለ ሊቆሙ በተማማሉት የመካ ሰዎች መካከል ነበሩ፤ በኢስላም ዘመንም ወደዚያ ዓይነቱ ቃል ኪዳን ብጠራ እሺ እላለሁ ብለዋል።

ስምምነቱ ውስጥ መግባት ካለባቸው ነገሮች አጥብቄ የምይዘው የስም ዝርዝሩን ነው። የተፈናቃይ ስም፣ ብሔርና የመጣበት ቀበሌ የተጻፈበት ወረቀት በግጭት ጊዜ ሰው ሊያስገድል ይችላል። የስደተኛ ምዝገባ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለእሱ እንተወው። መስጂድ ለብርድ ልብስና ለምግብ የሚይዘው መዝገብ የቤተሰብ ቁጥር ብቻ ይኑረው፤ አንድ ሰው ይያዘው፣ መሣሪያ ለታጠቀ ለማንም አይሰጥ። ከመግባታቸው በፊት ጉሙዝ ነህ፣ አማራ ነህ፣ ኦሮሞ ነህ፣ ሺናሻ ነህ ብሎ የሚጠይቅ አስተናጋጅ በር ላይ አይቁም። ሃይማኖትም አይጠየቅ። ድርጅቶቹም በበኩላቸው ያለ ፈቃድ የሴቶቻችንን ፎቶ አያንሱ፤ የሴቶችን ክፍል እህቶቻችን ራሳቸው ይምሩት።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ይህ ንቅናቄ የመጅሊስ መሪዎቻችን ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂዳችን ይሁን ብሎ የጮኸ ነው። በ2005 ምርጫው በቀበሌ ሲካሄድ የተቃወምነው መሪ ለጀመዓው ተጠያቂ ይሁን ብለን ነው። ታዲያ ከላይ ላሉት የጠየቅነውን ለራሳችን የሰደቃ መጋዘን ልናስቀር ነው? የገባውና የወጣው ዱቄት በየጁሙዓው በመስጂዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። (አንዳንዱ ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል፤ ያጥቁር።) ሒሳቡን የማያሳይ መስጂድ የትኛውም ድርጅት እህል አያስቀምጥበትም፤ ልክም ነው።

የምንጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሌሊት ሰው ቢመጣ የመስጂዱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ውሃ ቢቋረጥ ማን ይደወልለታል? የታመመን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የማን ባጃጅ ነው? ቅሬታ ያለው ለማን ይናገራል? እነዚህን ጽፋችሁ ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ፣ ከአደጋ ስጋት መሥሪያ ቤቱና በአቅራቢያችሁ ካለው ቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች ጋር ተፈራረሙ። ክረምት ገብቶ የኩርሙክ መንገድ ከመጨቅየቱ በፊት አንድ ሌሊት ልምምድ አድርጉ፤ በር ከፍታችሁ፣ ምንጣፉን አንስታችሁ፣ ቧንቧውን ለክታችሁ እዩት። የእህቶች ጀመዓ ተወካይ ያልተገኘችበት ስብሰባ ግን እንደተካሄደ አይቆጠር።

ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ወንድም ዘንድ ነው፤ ስትወጡ የየመስጂዳችሁን ስም አስመዝግቡ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።